ረግረግ የሆንኩበት ጠዋት

ሕግ ተምሬ ስመረቅ እናቴ አማን ከተማ ያለው ሱቃችን በር ላይ ቆማ ላለፈ ላገደመ ሁሉ "ልጄ ዳኛ ልትሆን ነው" ትል ነበር። እኔ ግን ዳኛ ከመሆኔ በፊት ረግረግ ሆንኩ። ለማሳመር ብዬ አይደለም እንዲህ የምለው። ቢጫ ጀሪካን በአንቀልባ አዝዬ፣ አናቴ ላይ ቄጠማ ሰክቼ፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ "እኔ ውሃ አዘል መሬት ነኝ" ብያለሁ። እናቴ ወሬውን የሰማችው ስኳር ሊገዛ ከመጣ ደንበኛ ነው።

"ረግረግ ሆነች ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"እኔ እንጃ እትዬ። ብቻ ጥሩ ረግረግ ነበረች አሉ" ብሎ ስኳሩን ይዞ ሄደ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ሒሳብ የሚቆጥር የሚመስል ዓይኗን ጫማዬ ላይ ተከለች። ጫማዬ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። "ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?" አለችኝ። ነገሩ እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ብትሰማው ኖሮ ትፈርድልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ያኔ ከአማን አጠገብ፣ ሚዛን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የፍትህ መሥሪያ ቤት የንቃተ ሕግ ባለሙያ ነበርኩ። ንቃተ ሕግ ማለት አዲስ ሕግ ሲወጣ ገጠር ወርዶ ለሕዝቡ ማስረዳት ነው። ስሙ ንቃት ይባል እንጂ ሥራችን በአብዛኛው ሰው ማስተኛት ነበር። ኃላፊያችን አዋጅ ሲያነብ ከርዕሱ ጀምሮ "ይህ አዋጅ ... ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል" የሚለውን እንኳን አይዘልም። ረጅም፣ ክራባት የማይለየው፣ ድምፁ ለስብሰባ የተፈጠረ ሰው ነው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያንቀላፋ እሱ በጥሞና የሚሰማው ይመስለዋል።

የውሃ አዘል መሬት ሕግ ይዘን መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ቀበሌ ነበር። ላይኛው ወገን ጫካና ቡና ነው፤ ከቤቶቹ በታች ደግሞ ሜዳውን የሞላ ሰፊ ረግረግ አለ። ቄጠማው የሚታጨደው፣ ከብቱ በበጋ የሚጠጣው፣ የሴቶቹ ምንጭ የሚፈልቀው ከዚያው ነው። ኃላፊያችን እንደ ልማዱ ማንበብ ጀመረ። ውሃ አዘል መሬትን ያለ ፈቃድ ማጠንፈፍ፣ ውስጡ ቦይ መቆፈር፣ ባህር ዛፍ መትከል ክልክል ነው እያለ ሲቀጥል ሕዝቡ አንድ በአንድ ወደ እንቅልፍ ሄደ። ያልተኙ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ይሄ አዘል አዘል የምትለው መሬት ማንን ነው ያዘለው?"

"ውሃን ነው እናቴ" አለ ኃላፊው።

"ውሃው መራመድ አቅቶት ነው የሚታዘለው?"

የተኛው ሁሉ ነቃ። ሳቁ ካበቃ በኋላም ኃላፊው የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ ጠፍቶበት ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ ሲገለብጥ ቆየ። ከዚያ ስብሰባ ሰዎቹ ያስታወሱት ነገር ቢኖር ያቺ የታዘለች ውሃ ናት።

ስንመለስ ፒክ አፑ ውስጥ "ለምን ትያትር አንሠራላቸውም?" አልኩት።

"እኛ ፍትህ ነን እንጂ ኪነት አይደለንም" አለኝ ሳይዞር።

"ዳኛ አለበት እኮ" አልኩ።

መንገዱ ሁለት ጊዜ ከተጠማዘዘ በኋላ "ዳኛው ምን ይለብሳል?" ሲለኝ ትያትሩ እንደጸደቀ ገባኝ።

ትያትሩን ጻፍኩት። ቀላል ነው፤ አንድ ስግብግብ ሰው ረግረግ ያደርቃል፣ ረግረጓ ትከሰዋለች፣ እንቁራሪት ይመሰክራል፣ ዳኛው ይቀጣዋል፣ በመጨረሻ እኔ የጻፍኩት ግጥም ይነበባል። ዳኛነቱን ኃላፊያችን ማንም ሳይጠይቀው ወሰደው፤ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀበትን ጋዋን ከሻንጣ አውጥቶ አስተኮሰ። ለእንቁራሪትነት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አግባባነው፤ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ስላለው። ረግረጓን እንድትሆን የጠየቅኋት ጸሐፊያችን ግን "እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ጭቃ አልሆንም" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ስለዚህ እኔው ሆንኩ። ጀሪካኑን የማዘሉ ሐሳብ የመጣው ከአሮጊቷ ጥያቄ ነው። ቆፋሪው ክዳኑን ሲከፍት ውሃው ይፈሳል፣ እኔም ቀስ እያልኩ ደርቄ እወድቃለሁ።

ለቆፋሪነት የቀረን ሾፌራችን ነበር። ጋሼ ነው የምንለው፤ የአማን ሰው፣ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ዶሮ መንገድ ላይ ካየ መኪናውን አቁሞ እስክታልፍ የሚጠብቅ።

"ክፉ ሰው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ ወረቀቱን ሳይቀበል።

"አዎ ጋሼ።"

"መጨረሻ ላይ ይታረቃል?"

"አይታረቅም፤ የወንጀል ጉዳይ ነው።"

"እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ ወረቀቱን ተቀበለ። ልምምድ ላይ "ይህ መሬት የማንም አይደለም፣ አደርቀዋለሁ፣ ሃ ሃ ሃ!" የሚለውን ሲያነብ ቆመና "ልጄ፣ ለመሆኑ እንዲህ ብሎ የሚስቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ለትያትር ነው ብዬ አለፍኩት።

ያንን ቀበሌ ደግመን የመረጥነው በምክንያት ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በጆሯችን የነገረን ነገር አለ። አንድ የቡና ገበሬ ባህር ዛፍ ሊተክል ብሎ ረግረጉ መሐል ትልቅ ቦይ ቆፍሯል፤ የሴቶቹም ምንጭ እየቀጠነ ሄዷል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተናገረም። ምክንያቱም ሰውየው የእድሩ ዳኛ ነው። ድንኳኑም ወንበሩም የሚወጣው በእሱ ቃል ነው፤ ለሀዘንተኛ ቀድሞ የሚደርስ፣ ቀልደኛና ተወዳጅ ሰው ነው። "እሱን ተቆጥቶ በማን ወንበር ይቀበራል?" አለን ሊቀመንበሩ። ትያትሩን አይቶ በልቡ ይመለሳል ብለን ተስፋ አደረግን።

በቀኑ ጠዋት ዘንቦ ቆመ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ዋንዛው ሥር፣ አንድ ዴስክ ለዳኛው ተቀመጠ። ሕዝቡ ካሰብነው በላይ መጣ። የእድሩ ዳኛ ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እንቁራሪታችን ግን አልመጣም፤ ወባ ጥሎት ቤቱ ተኝቷል ተባለ። "ያለ ምስክር እንቀጥላለን" አለ ኃላፊው ጋዋኑን እያስተካከለ፤ ይህን ሲል እኔና ጋሼ ብቻ ነን የተያየነው።

ገባሁ። "እኔ ውሃ አዘል መሬት ነኝ!" አልኩ። አሮጊቷ ከመጀመሪያው ረድፍ "ይኸውላችሁ፣ አዘለችው!" ብለው አጨበጨቡ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ጋሼ ዶማ ይዞ መጣና ክዳኑን ሊከፍት ሲል ክዳኑ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ውሃው በሙሉ ከአንገቴ ጀምሮ ጀርባዬን ይዞ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ቀስ እያልኩ መድረቄ ቀርቶ ጮኼ ወደቅሁ። ሕዝቡ እውነተኛ መስሎት በጣም አዘነ።

ከዚያ ጋሼ "ሃ ሃ ሃ" ማለት ነበረበት። አላለም። ዶማውን ተደግፎ ቆመና በአካባቢው ቋንቋ፣ በቤንችኛ መናገር ጀመረ።

እኔ ቤንችኛ የማውቀው የሱቅ ያህል ነው፤ ሰላምታ፣ ቁጥርና የሙዝ ዋጋ። ደርቄ የተጋደምኩ ስለሆንኩ ደግሞ ቀና ብዬ መጠየቅ አልችልም። ደግነቱ ሊቀመንበሩ አጠገቤ ነበርና አጎንብሶ በጆሮዬ ይተረጉምልኝ ጀመር።

"ልጆቼ ያድጋሉ፣ መሬቴ ግን አያድግም እያለ ነው" አለኝ።

"ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም" አልኩ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

"ረግረጉን ጠዋት ሳየው ተኝቷል፣ ማታ ሳየው ተኝቷል፣ እንደ አማት እንግዳ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ ይውላል። እኔ ስለፋ እሱ ለምን ይተኛል ብዬ ነው የቆፈርኩት እያለ ነው።"

ሕዝቡ ሳቀ፣ ከዚያ ከንፈር መጠጠ። አንዲት ሴት "ውይ ምስኪን" አለች። የጻፍኩት ስግብግብ ሰውዬ በዓይኔ ፊት ጎረቤት ሆነ። ትንሽ ቢቆይ ሕዝቡ ቦይ ሊቆፍርለት ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ኃላፊው ይህን ሳያስተውል አልቀረም፣ ዴስኩን በጎማ መፍቻ መታ። ፈረንጅ ዳኞች በቴሌቪዥን መዶሻ ሲመቱ አይቶ፣ መዶሻ ስላልነበረን ከመኪናው ያመጣው ነው።

"ምስክር አለ?" ብሎ ጮኸ። እንቁራሪቱ እንደሌለ ጨርሶ ረስቶታል።

ከዚያ አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

"እኔ አለሁ" አሉ።

"ይናገሩ እናቴ።"

"ቦዩን የቆፈረው እሱ ነው" አሉ ጋሼን እያመለከቱ። "እኔ ቆሜ እያየሁት ነው የቆፈረው። ደህና አደርሽ አለኝ፣ ደህና አደርክ አልኩት፣ ቆፈረ።"

"ለምን አልከለከሉትም?"

"ሰላም ካለኝ ሰው ጋር እንዴት ልጣላ?"

ጋሼ ደነገጠ። "እማማ፣ እኔን እኮ ዛሬ ገና ነው ያዩኝ። ከአማን ነው የመጣሁት" አላቸው በአማርኛ።

"ዝም በል አንተ! ምንጬ ከቀጠነ ጀምሮ ስፈልግህ ነበር።"

ግድቡ ተከፈተ። አንዱ ተነስቶ ከብቱ የሚጠጣው እንዳጣ ተናገረ፣ ሌላው ቤቱን የሚከድንበት ቄጠማ እንደጠፋ፣ አንዲት ወጣት ሴት ውሃ ፍለጋ ማዶ ድረስ እንደምትሄድ። ሁሉም ዓይናቸው ጋሼ ላይ ነው። ባለ ጃንጥላውን ማንም አላየውም፤ በጣም ከመጠንቀቃቸው የተነሳ እሱ ወዳለበት አቅጣጫ አንገታቸው የማይዞር ይመስል ነበር። ጋሼ ላብ በላብ ሆኖ "እኔ ሾፌር ነኝ" ይላል፤ እነሱ "ሾፌርስ ቢሆን!" ይሉታል።

ባለ ጃንጥላው ከመጀመሪያው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነበር። አሁን ግን ሳቁን ትቶ ኮስተር አለ። ተነሳ። እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ክቡር ዳኛ፣ የዚህ ሰው ሥራ አሳፋሪ ነው። ዛሬ የእማማን ምንጭ ያደረቀ ነገ የሁላችንንም ያደርቃል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ካልተቀጣ ሕግ የት አለ? ይቀጣ!"

ጭብጨባው ዋንዛውን አናወጠው። ሊቀመንበሩ መተርጎም የሚያስፈልገው ነገር ባይኖርም አጎንብሶ ቀረ፤ የገዛ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ጽሑፉ ላይ ዳኛው የሚለው "ጥፋተኛ ነህ" ብቻ ነው። ኃላፊያችን ግን ሃያ ስብሰባ ሙሉ ሰው አስተኝቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ የሚሰማው ቀን ነበር። ቆመ። ጋዋኑን ወደ ኋላ ወረወረ።

"ተከሳሹ ቦዩን ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ በገዛ እጁ እንዲደፍን! ሕዝቡም ውሳኔውን እንዲያስፈጽም!" ብሎ ዴስኩን መታ። የዴስኩ ጠርዝ ተሰብሮ ወደቀ።

ሕዝቡ ተነሳ። የቀበሌው ሚሊሻ ጋሼን ክንዱን ይዞ "በል ና እንግዲህ" አለው። እኔም ከድርቀቴ ብድግ ብዬ "ቆዩ! አላለቀም! ግጥም አለ!" እያልኩ ጮህኩ። ሴቶች ዶማና አካፋ ከየቤቱ ይዘው እየወጡ ነው፣ ግጥሜን ማን ይስማኛል? ባዶ ጀሪካኔን እንዳዘልኩ ተከተልኳቸው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ኃላፊው ላይ ደረስኩበት።

"ኃላፊ፣ እኛ እኮ ፍርድ ቤት አይደለንም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ ጋዋኑ እሾህ ሲይዝበት እየጎተተ።

"ክስ የለም፣ መጥሪያ የለም፣ መከላከያ የለም። ሰውየው በሁከት ቢከሰንስ?"

"የትኛው ሰውዬ? ያ ከፊት ዶማ ይዞ የሚሄደው?"

እውነቱን ነው። ባለ ጃንጥላው ጃንጥላውን ብብቱ ውስጥ ወትፎ፣ ከአንዱ ጎረቤት ዶማ ተቀብሎ፣ ሰልፉን ይመራ ነበር። "ፍጠኑ፣ ሳይዘንብ!" እያለ።

ረግረጉ ዳር ስንደርስ ኃላፊው ሕዝቡን ለማረጋጋት ብሎ ቀድሞ ገባ። መሬቱ ከላይ ሲታይ ሣር ነው፣ ሲረገጥ ግን ሌላ ነው። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ፤ ጋዋኑ ዙሪያውን ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ውስጡ ቆሞ "ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" አለ። አንድ እግሩን በመከራ ሲነቅል እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ።

ጋሼ ምርጫ ስላልነበረው ቦዩ ውስጥ አፈር መመለስ ጀመረ። ባለ ጃንጥላውም ሊያግዘው ዶማውን አነሳ። ዶማው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቦዩን አየው። ማዶና ማዶ የተተከሉትን የባህር ዛፍ ችግኞች አየ።

"ይሄ እኮ የእኔ ቦይ ነው" አለ።

እንቁራሪቶቹ ብቻ ይጮኻሉ።

"ነው እንዴ?" አሉ አሮጊቷ።

በዚያ መገረም ፊታቸው ላይ የታየውን ንጹሕነት ለመግለጽ ቃል የለኝም። የቆመው ሕዝብ ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ "ነው እንዴ?" አለ። ሚሊሻው ሳይቀር ቆቡን አውልቆ ቦዩን እንደ አዲስ አየና "ነው እንዴ?" አለ።

ባለ ጃንጥላው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ዞረ። ጆሮው ድረስ ቀላ። "እኔ አልተከሰስኩም! የተፈረደው በእሱ ነው!" አለ ጋሼን እያሳየ።

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ ትምህርቴ ግን አስቸገረኝ። "ልክ ነዎት" አልኩት። "ሳይከሰስና ሳይሰማ በማንም ላይ አይፈረድም።"

"አያችሁ?" ብሎ ጮኸ። "ረግረጓ ራሷ መሰከረችልኝ!"

ኃላፊው ከጭቃው ውስጥ ሆኖ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። "አንቺ፣ የማን ወገን ነሽ?" አለኝ።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋን። ሴቶቹ አካፋቸውን እንደያዙ ቆመዋል፣ ሰውየው ቦዩ አፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ያኔ ጋሼ ዶማውን ጣለና ዳሩ ላይ ተቀመጠ። ባለ ጃንጥላውንም እጁን ስቦ አጠገቡ አስቀመጠው። በቤንችኛ አንድ ነገር አለው። ዝግ ብሎ ነው የተናገረው። ሊቀመንበሩን ጎነተልኩት።

"ከጠዋት ጀምሮ አንተን ሆኜ ስሰደብ ውዬ ደክሞኛል፣ አሁን ተራህን ተቀበለኝ አለው" አለኝ።

የሰውየው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ሜዳው ላይ የሳቀውን ዓይነት ሳቅ ግን አይደለም፣ ብቻውን እንዳለ ሰው ነበር የሚስቀው።

"ይቀጣ ያልኩት እኔ ነኝ?" ብሎ ጠየቀ።

"አንተ ነህ" አለው ጋሼ።

"ጮክ ብዬ?"

"በጣም።"

ከዚያ ወደ እኔና ወደ ኃላፊው ዞሮ ረግረጉ ዳር፣ ደረቁ ላይ የተከላት ጎደሬ ትነቀል እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ሕጉ ሰው ከረግረጉ እንዳይጠቀም እንደማይከለክል ነገርኩት፤ ውሃው እስካልደረቀ ድረስ ቄጠማ ማጨድም፣ ዳሩ ላይ ቀፎ መስቀልም ይቻላል፣ የጎደሬውን ነገር ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አምጥተን እናሳያለን አልኩት። ሁሉንም በጥሞና ሰማ። ጀሪካን ያዘለ ሰው ሕግ ሲያስረዳው ያልሳቀ እሱ ብቻ ነው። ተነሳና ዶማውን አነሳ።

"ማንም እንዳይነካው። እኔው እደፍነዋለሁ" አለ።

ማን ዝም ብሎ ሊያይ? አንዱ ሣር አመጣ፣ አንዱ ድንጋይ፣ ሴቶቹ አፈር። ምሳ ሳይደርስ የቦዩ አፍ ተዘጋ። ችግኞቹን እሱው ነቅሎ ለላይኛው ደረቅ መሬቱ በቅርጫት ሰበሰባቸው። ኃላፊውን በአራት ሰው ጎትተው አወጡት፤ ጫማውን ግን በእንጨት ሲፈልጉ ቆይተው አጡት። ምሳ የበላነው ባለ ጃንጥላው ቤት ነው። ጎደሬ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ፣ ከዚያ ማር። ኃላፊያችን አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ስለ ሕግ የበላይነት ንግግር አደረገ፣ በአጭሩ፣ ማንም ሳይተኛ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሚዛንና አማን ገባ፤ እናቴም ስኳር ሊገዛ ከመጣው ሰው የሰማችው ያኔ ነው። ሌሎች ቀበሌዎች ትያትሩ ወደ እኛም ይምጣ ማለት ጀመሩ። ጉዳቱ የደረሰው ጋሼ ላይ ነው። ቴፒ ገበያ ሙዝ ሊገዛ ቢቆም አንዲት ሻጭ ዓይኗን አጥብባ አየችውና "አንተ ያ ረግረግ አድራቂ አይደለህም?" ብላ ሙዟን ከለከለችው። ተመልሶ መጥቶ የትያትሩን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"በቃኝ ልጄ። ነገ ቤተክርስቲያን ደጃፍም ይደግሙታል" አለ።

ቆፋሪ አጥተን ስንጨነቅ አንድ ጠዋት ባለ ጃንጥላው ኮቱን ለብሶ ቢሯችን ከተፍ አለ። ከሚኒባስ ወርዶ ሽቅብ በእግሩ ነው የመጣው። "ሰውየውን እኔ ልሁንላችሁ" አለ። "ሾፌራችሁ ጥሩ ነበር፣ ግን ዶማ አያያዙ የገበሬ አይደለም።"

ደጋው ላይ ወዳለ አንድ ቀበሌ ይዘነው ሄድን። እንደሱ ዓይነት ተዋናይ አይቼ አላውቅም። ችግሩ ራሱን በደንብ መከላከሉ ነበር። ጥያቄ ጠየቀ፣ ምስክር የሆነውን እንቁራሪት አፋጠጠው፣ "በሌሊት እንዴት አየኸኝ?" ብሎ አስደነገጠው። ከወባው ድኖ የመጣው የግብርና ባለሙያ ግራ ተጋብቶ "እውነቱን ለመናገር በደንብ አላየሁም" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኃላፊያችንን ጋዋኑን እንደለበሰ፣ አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ "በነጻ ተሰናብተሃል" አለ። ለዚያ ቀበሌ ሰዎች ረግረግ ማድረቅ ክልክል እንደሆነ ለማስረዳት በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ትያትር ተመልሰን አዋጁን ከርዕሱ ጀምረን አነበብንላቸው። አልተኙም፤ ያ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው እያሉ በሩን ያዩ ነበር።

የመጀመሪያው ቀበሌ ረግረግ ክረምቱን ጠጥቶ ሞላ። የእማማ ምንጭም ተመለሰ፤ አሁን ጭቃ በዛብኝ እያሉ ያማርራሉ አሉ። ባለ ጃንጥላው ደግሞ የረግረጉ ጠባቂ ሆነና ሰው አስቸገረ። ያለ ጊዜው ቄጠማ ያጨደ፣ ልብስ ያጠበ፣ አጭር መንገድ ብሎ ያቋረጠ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው ጣጣው። ባለፈው ሰሞን እንደገና ቢሮ መጣ። ተናዷል፣ ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

"ክስ ልመሠርት ነው የመጣሁት" አለ። "ረግረጋችን ውስጥ ገብቶ ዳሩን አፈራርሶታል።"

"ማን ነው?" አልኩት።

"በሬ ነው።"

"የበሬውን ባለቤት ማለትዎ ነው?"

"የለም" አለ ደንግጦ። "ባለቤቱ ጎረቤቴ ነው፤ ትናንትና ማታ አብረን ነው ያመሸነው። በሬውን ክሰሽልኝ።"